የወለተኢየሱስ ቁራኛ

ወለተኢየሱስ ጎባ የገባችው የወፍጮ መጅ በጀርባዋ አዝላ ነው። ሌላው ጠመንጃ፣ ሌላው ጋሻ፣ ሌላው የድንኳን ካስማ ተሸክሞ ሲገባ፣ እሷ ከቡልጋ ጀምሮ ያዘለችው ያንን ድንጋይ ነበር። «የታችኛውን ወፍጮ ከየትም አገኛለሁ፤ መጁ ግን እጄን የለመደ ካልሆነ ዱቄቱ አይልምልኝም» ትል ነበር። የሠራዊቱ ሴቶች ሳቁባት። መንገዱ ወራት ሲፈጅ ግን ከሳቁባት ውስጥ ግማሾቹ የራሳቸውን ሸክም ሜዳ ላይ ጥለው እህል ለማስፈጨት እሷው ደጅ ተሰለፉ።

ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ያላት አንድ ልጅ፣ ተሰማ ነው። ስናድር ጠመንጃ ተሰጥቶት ከዘማቹ ጋር ወደ ባሌ ሲታዘዝ፣ አርባን የተሻገረችው እናቱ ቤቷን ለእኅቷ ትታ ተከተለችው። ልጇን በመውደዷ ብቻ አይደለም፤ ግትርም ነበረች። ተሰማ በሚበላበት ገበታ ሁልጊዜ አንድ ሌላ ሰው አይጠፋም፤ ገብረወልድ የሚባል፣ ከሰላሌ የመጣ፣ ረጅምና ዝምተኛ፣ ሲበላ አንገቱን የሚደፋ። የልጇ ጓደኛ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እሷ ከፈጨችው በልቷል።

ባሌ ተያዘ ይባላል እንጂ፣ በሁለተኛው ዓመት የተያዘው ሠፈሩ የተተከለበት ጉብታ ብቻ ነበር። ከአጥሩ ውጭ ያለው አገር የአገሩ ሰው ነው። ዘማቹ ስንቅ ሲያልቅበት ይወጣል፣ ጎጆ ያቃጥላል፣ ከብት ይነዳል፣ ይመለሳል። የአገሩም ሰው ወንዝ ዳር አድፍጦ ከዘማቹ የዘገየውን ይገድላል። ይህ እንግዲህ «ማቅናት» ይባል ነበር።

የነቢያት ጾም ሊፈታ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወጥተው ወደ ወይብ ወንዝ ወረዱ። መንደሩን ከሦስት በኩል እሳት ለቀቁበት። ሴቶቹና ሕፃናቱ በመሻገሪያው በኩል ሲሸሹ፣ አንድ ወጣት ጦርና ጋሻ ይዞ ለብቻው መሻገሪያው ላይ ቀረ። ሰዎቹ ተሻግረው እስኪያልቁ ከውሃው አልወጣም። ከዳር የነበሩት ሁለት ነፍጠኞች ተሰማና ገብረወልድ ናቸው። ጠመንጃ ጮኸ፤ ወጣቱ ወደቀ።

ተሰማ ሰለባውን ይዞ ሠፈር ሲገባ፣ ከሁሉ ቀድማ እልል ያለችው እናቱ ናት። በአደባባይ አስቀምጣ በራሱ ላይ ቅቤ ቀባችው። ጾም ነው ያሏትን «በአፉ አልገባ፣ በራሱ ነው» ብላ አሳቀቻቸው። ይህን ዘለን ብናልፈው ደስ ባለን ነበር። እሷ ራሷ ግን እስክትሞት አልደበቀችውምና እኛም አንደብቅላትም።

ከጥቂት ቀን በኋላ በሠፈሩ አዛዥ፣ በባላምባራስ ደጀኔ ድንኳን ጠጅ ቀረበና ፉከራ ተጀመረ። ተሰማ ተራው ሲደርስ ዘራፍ ብሎ ተነሣና የወይቡን ጎበዝ በአንድ ጥይት እንደጣለ ተናገረ። ገብረወልድ ብርሌውን አስቀመጠ።

«ውሸት ነው» አለ። «ጥይቱ የእኔ ነው።»

«የአንተ ጠመንጃ?» አለ ተሰማ። «የአንተ ጠመንጃ እንኳን ሰው ቆቅ ጥሎ አያውቅም!»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ገብረወልድ የድንኳኑን ምሰሶ የተደገፈ ጦር አነሣና ተሰማን ወጋው። ጦሩ ከእምብርቱ ከፍ ብሎ ገብቶ በጀርባው ብቅ አለ። ገብረወልድ ጓደኛውን በጦር እንደሰፋው ያወቀው፣ ተሰማ የጦሩን ዘንግ በሁለት እጁ ይዞ ቀና ብሎ ሲያየው ነው። ያኔ ጦሩን ለቆ ቁጭ አለ፤ ሊሸሽም አልሞከረ።

የተሰማ እናት ከወፍጮዋ ላይ ተጠርታ ስትመጣ እጇ ዱቄት ነበር። ዱቄቱ በደሙ ተለውሶ ሊጥ ሆነ። ልጇ እስከ ምሽት በሕይወት ቆየ፤ በመጨረሻ የተናገረው እናቱን መሰናበት አልነበረም። «እማ፣ የእኔ ነው። ግዳዩ የእኔ ነው» አለና ሞተ። ሬሳው ሲታጠብ ቅቤው ከጸጉሩ አልለቅ አለ።

በማግስቱ ባላምባራስ ደጀኔ አስጠሯት።

«የነፍስ ዳኝነት የእኔ አይደለም» አሏት። «ገዢው ያሉት ጊኒር ነው። እዚያ ሄደሽ ደምሽን ትጠይቂያለሽ። ፍርዱ ያው የታወቀ ነው፤ ገዳይ በገደለበት ጦር፣ በሟች ወገን እጅ ይሞታል። እስከዚያ ግን ቁራኛ ያስፈልጋል።»

ቁራኛ ማለት ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቆሙ ድረስ እጅ ለእጅ በአንድ ሰንሰለት መታሰራቸው ነው። ወንዶች ናቸው የሚታሰሩት፤ ሴት ከሳሽ ብትሆን ወንድሟን ወይም ባሏን ታስይዛለች።

«ወንድ ዘመድ አለሽ?»

«የለኝም ጌታዬ።»

«እንግዲያውስ ሰው ቅጠሪ።»

«ልጄን ሰው ቀጥሬ አልወለድኩትም» አለችና ግራ እጇን ዘረጋች።

የሠፈሩ ቀጥቃጭ የብረት ቀለበቱን በእሷ ግራ እጅና በገብረወልድ ቀኝ እጅ ላይ በመዶሻ ደፈነው። ቁልፍ የለውም፤ የሚፈታውም በመዶሻ ነው። በመካከላቸው የቀረው ሰንሰለት ከአንድ ክንድ ብዙም አይበልጥ።

የሠፈሩ ቄስ አባ ተክለማርያም መስቀላቸውን ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ጌታ በሚወለድበት ሰሞን ደም ፍለጋ አትሂጂ። ለእግዚአብሔር ተይው» አሏት።

«አባቴ፣ ጌታስ እናቱ እያየች አይደል ጎኑን በጦር የተወጋው? መተው ቀላል ከሆነ እስቲ እሷን ይጠይቁልኝ» አለቻቸው።

ቄሱ መስቀላቸውን አሳልመዋት ሄዱ።

ታኅሣሥ ሃያ አምስት ቀን ከጎባ ወጡ። ሁለት ጠባቂዎች አብረዋቸው ነበሩ፤ አንዱ በበቅሎ ከፊት፣ ሌላው ያንን ጦር ተሸክሞ በእግሩ ከኋላ። የሮቤን ሜዳ ሲያቋርጡ ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ነበር። ሰንሰለቱ ሲቀዘቅዝ ቆዳ ይልጣል። እሷ ሆን ብላ እየጎተተች አንጓውን አደማችው፤ የራሷም እኩል ደማ። ለሽንት ስትቀመጥ በጋቢ ራሷን ሸፍና «ዙር!» ትለዋለች፤ ይዞራል። ውሃ ስትጠጣ እጁ ከእጇ ጋር ይነሣል። ስትተኛ ትንፋሹን ትሰማለች። ሰው ጠላቱን ከዚህ ይበልጥ ሊቀርበው አይችልም። ጠላችው፤ በሠላሳ እርምጃ ርቀት ከምትጠላው አብልጣ ጠላችው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወይብ መሻገሪያ ደረሱ። የፊተኛው ጠባቂ በቅሎዋን ውሃው ውስጥ እንዳስገባ ከሁለቱም ዳር ጩኸት ተነሣ። ጦር እንደ በረዶ ዘነበ። በቅሎዋ ደንብራ ጠባቂውን ይዛው በወንዙ ዳር ጋለበች፤ ሳይተርፍ አልቀረም፣ ዳግም ግን አላዩትም። የኋለኛው አንድ ጦር በአንገቱ፣ ሌላ በጭኑ ተተክሎበት እነሱ እግር ሥር ወደቀ። ደሙ ፊታቸው ላይ ተረጨ።

«ይዝለሉ!» አለ ገብረወልድ።

አልተማከሩም፤ ሰንሰለት አለና ምክክር አያስፈልግም። እሷ በወደቀው ሰው እጅ የነበረውን ጦር ነጥቃ፣ ሁለቱም ከመሻገሪያው በታች ባለው ገደል ተንከባለሉ። ቁጥቋጦ ቆዳቸውን ቦጫጨቀው፤ ታች ሲደርሱ የገብረወልድ ግራ ትከሻ ከቦታው ወልቆ ነበር። ከሸንበቆው ውስጥ ተሸጉጠው፣ ከላይ ሰዎቹ እየተጠራሩ ሲፈልጓቸው ሰሙ።

ያኔ ነው ወለተኢየሱስ ብቻዋን ከእሱ ጋር መሆኗን ያስተዋለችው። ጠባቂ የለም። ዳኛ የለም። ጦሩ በእጇ ነው። መጀመሪያ ግን ጦሩን አልተጠቀመችበትም፤ ድንጋይ አነሣችና አፉን መታችው። ደገመችው። ጥርሱ ወለቀ። አልጮኸም፤ ቢጮኽ ከላይ ያሉት ሰምተው ሁለቱንም ይጨርሷቸዋል። ክንዷ እስኪዝል መታችው፤ እሱም ለሷ ሕይወት ሲል ደሙን እየዋጠ ዝም አለ። ከዚያ ጦሩን ደረቱ ላይ አሳረፈችው።

«ይግደሉኝ» አላት በሹክሹክታ። «ግን ሰንሰለቱን በምን ይፈቱታል? ሬሳዬን እየጎተቱ ይህን ገደል አይወጡም።»

አሰበች። እውነት ነው። ክንዱን መቁረጥም አሰበች፤ ነገር ግን ጦር መጥረቢያ አይደለም። እስከዚህ ድረስ እንዳሰበች በኋላ ዘመን ስትናገር ሰሚው ይሳቅ ይፍራ ግራ ይገባው ነበር።

«አንድ ነገር ልንገርዎ» አለ ገብረወልድ። «ዳኛ ፊት ብደርስም የምናገረው ነው። ያን ሰው የገደለው ተሰማ ነው። የእኔ ጠመንጃ ከሽፎ ነበር። አልተኮሰም። ሰው ሁሉ እሱን ሲያወድስ እኔን ግን ማንም ሳያየኝ ሲቀር፣ ዋሸሁ።»

«ታዲያ ለምን ገደልክብኝ?»

«ስለሳቁብኝ» አለ።

እንባዋ የመጣው ከቀብሩ ወዲህ ገና ያኔ ነው። ልጇ እውነተኛ ነበር። በዚያ ሸንበቆ ውስጥ፣ ብርዱና ፍርሃቱ እያለ፣ ወለተኢየሱስ በልጇ ኮራች። «ይኸን ቃልህን ገዢው ፊት ትደግማታለህ» አለችው፤ «ከዚያ በኋላ እገድልሃለሁ።»

«እሺ» አለ።

ሌሊቱን እንደምንም አደሩና ሲነጋ በሌላ በኩል ገደሉን ወጡ። ከጠላቶቿ ሁሉ ያመለጠች መስሏት ቀና ስትል፣ ከፊቷ አንዲት አሮጊት ቆማለች። በዱላ ሣሩን እየገለጠች አንድ ነገር ትፈልጋለች። ልብሷ በእሳት ተበልቷል። ሰንሰለቱንም፣ ደማቸውንም፣ ጦሩንም አየች፤ ግን አልሸሸችም። ቀረብ ብላ ወለተኢየሱስን በዓይኗ እየመረመረች፣

«ኢልማ ኮ አርጊቴ?» አለቻት።

ወለተኢየሱስ ወተትና እንጨት ይዘው ሠፈር ከሚመጡት ሴቶች ጥቂት ኦሮምኛ ለምዳለች። ሴትዮዋ «ልጄን አይተሻል?» ነው ያለቻት። መልስ ሳትሰጣት ከቁጥቋጦው ውስጥ አምስት ሰዎች ወጥተው ከበቧቸው። የትናንትናዎቹ ናቸው። ጦሩን ነጥቀው፣ ሁለቱንም በርግጫ መሬት ላይ ጥለው፣ ገመድ አንገታቸው ላይ አስገብተው እየጎተቱ ወሰዷቸው።

መንደር የነበረው ቦታ አመድ ነው። አንዲት ጎጆ ብቻ ግማሽ ጣሪያዋን ይዛ ቀርታለች፤ የአሮጊቷ ናት። ስሟ ሞሚና ነው። ከሰዎቹ መካከል ጦሩን ነጥቆ የያዘው ጎልማሳ ወንድሟ ነው። ሞሚና ደጇ ላይ ባለ ድንጋይ ተቀምጣ ተናገረች። ሰላሌ ያደገው ገብረወልድ ኦሮምኛን እንደ አፍ መፍቻው ያውቃልና ወለተኢየሱስ ያላገኘችውን ቃል እሱ ያሰማት ነበር። ሞሚና ባልቴት ናት። አንድ ልጅ ነበራት። ዘማቹ በመጣ ቀን ሴቶቹ እንዲያመልጡ መሻገሪያው ላይ ቆሞ ቀረ። የተረፉት ከተራራው ማዶ ሸሽተው ሲመለሱ ሬሳው በቦታው አልነበረም፤ አውሬ ጎትቶታል። ከዚያ ቀን ወዲህ በየማለዳው አጥንቱን ትፈልጋለች።

«ኤኙቱ አጄሴ?» አለች በመጨረሻ፤ ማን ገደለው?

ሴትዮዋ የማን እናት እንደሆነች ወለተኢየሱስ አወቀች። እልል ያለችው፣ ቅቤ የቀባችው፣ «በአፉ አልገባ» ብላ ሰው ያሳቀችበት ነገር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ያያታል። እስከ ዛሬ ያ ሰው እናት ይኖረዋል ብላ አንድ ቀን አላሰበችም። መሬት ብትውጣት በወደደች።

ገብረወልድ ያበጠ አፉን ከፈተ። «አነቱ አጄሴ» አለ። እኔ ነኝ የገደልኩት።

የሞሚና ወንድም ተነሣ። ጸጉሩን ይዞ አንበረከከውና ጦሩን አንገቱ ላይ አነሣ፤ ያው ተሰማን የገደለው ጦር ነው።

አሁን ልብ በሉ። ወለተኢየሱስ ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ዝም ብትል ደሟ ይመለሳል፤ ያውም በዚያው ጦር፣ ያውም ያለ ገዢ፣ ያለ ጊኒር። የልጇ ስም ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ሰውየው ራሱ አመነ፤ ማን አስገደደው? ለሁለተኛ ጊዜ ያንን ግዳይ የእኔ ነው አለ፤ መጀመሪያ ሊከበርበት፣ አሁን ሊሞትበት። እሷም በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ግዳዩ የእሱ በሆነ ብላ ከልቧ ተመኘች።

ግን በዚያ ሬሳ ላይ አንድ ውሸት ተነግሮ ልጇ ሞቷል። ሁለተኛው እሷ ፊት ሲነገር መስማት አቃታት። ደግሞም ሞሚናን አየቻት። ወለተኢየሱስ እንኳ የምትጠላውን ሰው ታውቃለች፤ በዓይኗ አይታው፣ በእጇ መትታዋለች። ይህች ሴት ግን ቀሪ ዘመኗን የማይመለከተውን ሰው ጠልታ ልትኖር ነው።

«ኢሰ ሚቲ!» ብላ ጮኸች፤ እሱ አይደለም! «ኢልማ ኮ... ኢልማ ኮቱ አጄሴ!» ልጄ ነው። የገደለው የእኔ ልጅ ነው።

ወንድምየው ዞር ብሎ በጦሩ ዘንግ ግራ ትከሻዋን መታት። አጥንቷ ሲሰበር ሁሉም ሰማው። ሁለተኛውን ራሷ ላይ ሊያወርድ ሲያነሣ ገብረወልድ ሰንሰለቱን ስቦ ላይዋ ላይ ወደቀ፤ ምቱ እሱ ጭንቅላት ላይ አረፈ። ሦስተኛው፣ አራተኛውም እንደዚሁ። ሞሚና ተነሥታ የወንድሟን ክንድ ባትይዝ ኖሮ ሁለቱም እዚያው ባለቁ ነበር።

«ልጅሽ የት አለ?» አለች ሞሚና።

«ሞተ። ይኸው ነው የገደለው» አለች ወለተኢየሱስ፤ ላይዋ ላይ የተኛውን ሰው በአገጯ እያመለከተች።

ሞሚና ሰንሰለቱን በእጇ አንሥታ ከአንዱ ቀለበት እስከ ሌላው በዓይኗ ተከተለችው። ገባት። «ታዲያ ለምን አስጣልሽው?»

«እንጃ» አለች ወለተኢየሱስ። እውነቷን ነው፤ ያኔ አታውቅም ነበር። ከዚያ ጨመረች፤ «ያንቺን ልጅ ማን እንደገደለው እንድታውቂ ነው። እኔም... እኔም ያን ቀን እልል ብያለሁ።»

ይህን የመጨረሻውን ገብረወልድ በኦሮምኛ ሊመልሰው አልፈለገም። «ንገራት!» አለችው፤ ነገራት። ሞሚና ፊቷን አዞረች። ጠጋ ብላ ልትተፋባት እንደነበር ወለተኢየሱስ እርግጠኛ ነበረች። ግን አልተፋችም፤ ድንጋዩ ላይ ተመልሳ ተቀመጠችና ጮክ ብላ አለቀሰች። ወንድምየው ጦሩን መሬት ላይ ተክሎ፣ «እንግዲህ ደሙ ተመልሷል። በሌላ ሰው እጅ ሆነ እንጂ» አለ። ያን ቀን ማንም ምግብ አልቀመሰም።

በማግስቱ ማለዳ ገብረወልድ እሱና ተሰማ የወጣቱን ሬሳ ከውሃው ጎትተው የተዉበትን ቦታ ሊያሳያቸው ወሰዳቸው። ከመሻገሪያው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከአንድ ያረጀ ወይራ ሥር፣ ጅብ የጎተተበት ዱካ ነበር። ዱካውን ተከትለው በየቁጥቋጦው ለቀሙ። የጭን አጥንት። የጎድን አጥንት፣ ግማሹ የተሰበረ። ራስ ቅሉን ያገኘችው ወለተኢየሱስ ናት፤ ቅንድቡ ላይ ጥይቱ የገባበት ቀዳዳ አለ። በሰንሰለት ባልታሰረው እጇ፣ ትከሻዋ እያመማት፣ አነሣችውና ነጠላዋ ላይ አስቀመጠችው። የእሷ ልጅ ሬሳ ታጥቦ፣ ተገንዞ፣ ተፈትቶለት ተቀብሯል። የዚህችኛዋን ልጅ የእሷ ልጅ ለጅብ ትቶታል።

ሞሚናና ወንድሟ በእስልምናቸው ሥርዓት ሲቀብሩት፣ ፀሐይዋ ከተራራው ላይ ወጣች። ወለተኢየሱስ ራቅ ብላ ቆማ በጣቷ ቆጠረች። ሃያ ዘጠኝ። ልደት ነው። በጎባ በታቦቱ ድንኳን ሌሊቱን ሲዘመር አድሯል፤ ሴቶቹ ነጭ ለብሰዋል። እሷ የሰው አጥንት በሸፈነ ነጠላ ደም ለብሳ እዚህ ናት።

አማተበች። እና ለአባ ተክለማርያም የሰጠችው መልስ ወደራሷ ዞረባት። እመቤታችንን ይጠይቁልኝ ብላ ነበር። ዛሬ ሕፃን የታቀፈችው እናት ያንን ሕፃን ኋላ በጦር ተወግቶ አይታዋለች፤ እሱም የወጉትን ይቅር በላቸው ብሏል። እሷ ደግሞ ያን ጊዜ ራሷን ከእመቤታችን ጋር ቆጥራ ነበር። አሁን ግን የወጊዎቹም እናት መሆኗን አወቀች። ልጇ ተወግቷል፤ ልጇ ወግቷል። ይቅርታ ከሌለ፣ መጀመሪያ የሚጠፋው ተሰማ ነው።

«ጌታዬ» አለች በልቧ፣ «ለዚህ ሁሉ ከሆነ የተወለድከው፣ ልጄን ማርልኝ። ይኸኛውንም... ይኸኛውን እኔ ገና አልቻልኩም። አንተ ጀምረው።» የተበተነውን አጥንት የሚሰበስብ አምላክ ቡልጋ ላይ የተቀበረውን ባሏን፣ ጎባ ላይ የተቀበረውን ልጇን፣ ወይብ ዳር የተቀበረውን የሰው ልጅ አንድ ቀን እንደሚያስነሣ አመነች። ኀዘኗ አልቀነሰም። ግን ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከነገ ወዲያ የሚባል ነገር ያለ መሰላት።

የሞሚና ወንድም መጥረቢያ ይዞ መጣ። ሰንሰለቱን ድንጋይ ላይ አስደግፎ በመጥረቢያው ጀርባ ቀጠቀጠው፤ በአምስተኛው ተበጠሰ። ጦሩን እሷ እግር ሥር ወረወረና፣ «ሂዱ። ሁለተኛ ካየኋችሁ እገድላችኋለሁ» አለ። ሞሚና ወደ መቃብሩ ተመለሰች። ወለተኢየሱስ ከዚያ በኋላ ዳግም አላገኘቻትም።

ሰንሰለቱ ከተፈታ በኋላ የነበረው መንገድ ከፊተኛው ይበልጥ ከባድ ነበር። ገብረወልድ ሊሸሽ ይችላል፤ አልሸሸም፣ ወደ ጎባ ከፊቷ ከፊቷ ሄደ። ጀርባው ሰፊ ነው፤ ጦሩ በእጇ ነው። ሦስት ጊዜ አነሣችው። በሦስተኛው ጊዜ ጥላዋን መሬት ላይ አይቶ ቆመና ሳይዞር ጠበቃት። «ሂድ!» አለችው፤ ሄደ።

ባላምባራስ ደጀኔ ፊት ቀርባ ጦሩን አስቀመጠች። «ደሜን ስለ እግዚአብሔር ብዬ ትቻለሁ» አለች፤ ሕጉ የሚጠይቀው ቃል ያ ብቻ ነው። ሠፈሩ አበደባት። አስማት አዙረውባት ነው አሏት፤ የልጇ ባልንጀሮች ደጇ ላይ አመድ ደፉ። እሷም ብትሆን አልለሰለሰችም። ገብረወልድ ጎጆዋን ሠራላት፤ በልጇ ስም የተመራውን መሬት አረሰላት፤ እንጨቷን ፈለጠ። «እናቴ» ሊላት ሞክሮ አንድ ጊዜ በጥፊ አለችው። ዳግም አልሞከረም።

አንድ ነገር ብቻ በየዓመቱ አታስቀርም። የልደት ዕለት ጾሙ ሲፈታ ገበታዋ ላይ አስቀምጣው በእጇ ታጎርሰዋለች። በመጀመሪያው ዓመት ጉርሻውን ከመግፋቷ የተነሣ ከንፈሩን በቀረው ጥርሱ አደማችው። አንድ ታጎርሰውና እጇን ትታጠባለች፤ አንድ ብቻ። አንድ አጉርሶ የሚያቆም ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ ገበታውን የከበበው ሁሉ ያውቃል፤ ገብረወልድም ያውቃል። አንገቱን ደፍቶ፣ አመስግኖ ይነሣል። እንዲህ አሥራ አራት ልደት አለፈ።

በአሥራ አምስተኛው ልደት ጸጉሩ ሸብቷል፤ እሷም ዓይኗ ደክሟል። አጎረሰችው። እሱ እንደ ልማዱ አመስግኖ ሊነሣ ሲል፣ «ቁጭ በል» አለችው። ከሳህኑ ዳር ደህናውን ቁራጭ መርጣ ጠቀለለችና ሁለተኛውን አጎረሰችው።